ሟቹን ከእድር ሊያሰርዝ የነበረው ሞክሼ ፊደል

ወትሮ እዚህ ገጽ ላይ የምንጫወተው ስለ ትዳር፣ ስለ እጮኝነት፣ ስለ አማትና ምራት ነው። የዛሬው ጥያቄ ግን ከሐዘን ቤት ተነሥቶ ኮምፒውተር ውስጥ የገባ ነው። «ኮምፒውተርን ደግሞ እዚህ ዓምድ ላይ ምን ጣለው?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ግዴለም፣ ታገሡኝ። ነገሩ የአንዲት እናት ክብርና የአንድ ሰፈር ሰላም ነው። እግረ መንገዳችንንም ከረዥም የጽሑፍ ፋይል ውስጥ የምንፈልገው ነገር በስንተኛው መስመር ላይ እንዳለ እንዴት እንደሚገኝ እናያለን።

ጠያቂዬ የ26 ዓመት ወጣት ናት። ስሟንም ሰፈሯንም አልጠቅስም። አባቷ የሰፈራቸው እድር ጸሐፊ ነበሩ፤ ዓይናቸው ሲደክም ሥራው እሷ ላይ ወደቀ። ደብዳቤዋ ረዘም ይላል፣ አሳጥሬ እነሆ፦

«እድራችን 210 ያህል አባላት አሉት። አባቴ ከመስከረም 2006 ዓ.ም. ጀምሮ የየወሩን መዋጮ ኮምፒውተር ላይ ሲመዘግቡ ኖረዋል። ሠንጠረዥ ምናምን የለውም፤ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ለአንድ ክፍያ አንድ መስመር ይጻፋል፦ ቀኑ፣ የከፋዩ ስም ከነአባቱ፣ የየትኛው ወር እንደሆነ፣ ብሩና የካርኒው ቁጥር። እስከ ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ያለው የ12 ዓመት መዝገብ ተጠራቅሞ 30 ሺህ መስመር ገደማ ደርሷል።

«አንድ የቆዩ አባላችን አረፉ። ድንኳኑ ተተከለ፣ ቀብሩም በወጉ ተፈጸመ። ለቤተሰቡ የሚሰጠው ገንዘብ ግን ታገደ። ዳኛው ‹መዝገቡ ይታይ› ብለው እኔ ስማቸውን ኮምፒውተሩ ላይ ስፈልግ፣ 144 ወር መሆን የነበረበት 139 ብቻ ሆኖ ተገኘ። በደንባችን በተከታታይ 3 ወር ያላዋጣ አባል ይሰረዛል። ባለቤታቸው ‹እሱኮ የእድር ብር ሳያስቀምጥ አስቤዛ አያስገዛም ነበር› ብለው አለቀሱ። የኮሚቴው ሰዎች ደግሞ ‹ኮምፒውተር አይዋሽም› አሉ። እኔ መሐል ቤት ቀረሁ። ታናሽ ወንድሜ ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ይማራል። እሱም ቢሆን ስንት ጊዜ እንዳለ ቆጥሮ ነገረኝ እንጂ የት የት እንዳለ አልነገረኝም። የጠፉት ወራት የትኞቹ እንደሆኑ በመስመር ቁጥር ለይቼ ለሽማግሌዎቹ የማሳይበት መንገድ አለ? ወይስ እኚህን እናት ‹አልከፈሉም› ብዬ አንገታቸውን ላስደፋ?»

እህቴ፣ ሐዘንተኛ ሳምንት አይጠብቅምና ጋዜጣው እስኪወጣ ሳላቆይሽ በሰጠሽኝ ስልክ ደውዬ መልሱን ነግሬሻለሁ። ዛሬ የማወጋው ተመሳሳይ መዝገብ ላይ ለተቀመጡ ሁሉ እንዲጠቅም ነው።

«ኮምፒውተር አይዋሽም»

እውነት ነው፣ አይዋሽም። ግን የተጠየቀውን ብቻ ነው የሚመልሰው። ሕፃን ልጅ ሱቅ ልካችሁት «ኦሞ አለ?» በል ብትሉት፣ ሱቁ በሌላ ዱቄት ሳሙና ተሞልቶ እያለ «የለም አሉ» ብሎ ባዶ እጁን ይመለሳል። ልጁ አልዋሸም። የተላከው በቃል ነው፣ ቃሉን አድርሶ መጣ። ኮምፒውተርም «የለም» ሲል «አንተ በጻፍክልኝ ፊደል፣ ልክ እንደዚያው ሆኖ የተጻፈ የለም» ማለቱ ነው። «ሰውየው አልከፈሉም» አላለም። ይህን የጨመርነው እኛ ነን።

ለዚህ ነው «ስንት አለ?» ከሚለው ይልቅ «የት የት አለ?» የሚለው ጥያቄ የሚበልጠው። 139 የሚል ቁጥር ብቻውን ቢመጣ ማንም ሊመረምረው አይችልም፤ ወይ ታምናለህ ወይ ትክዳለህ። «በ14,303ኛው መስመር ላይ አለ» ከተባለ ግን ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ያዩታል፤ ከላይና ከታች ያለውንም ያነብባሉ። የመስመር ቁጥር ማለት ምስክሩ የሚገኝበት አድራሻ ነው።

መስመሩን ማስቆጠር

ፓይተን ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ ጀምሮ በ1991 ለሕዝብ ያወጣው የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። ስሙ ከዘንዶ የመጣ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ እሱ ግን የወሰደው ሞንቲ ፓይተን ከሚባሉት የእንግሊዝ ኮሜዲያን ነው። በነፃ ይገኛል፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይም ይሠራል። ትእዛዞቹ ኮምፒውተሩ ላይ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። እኔ እዚህ ድምፃቸውን ብቻ እጽፋለሁ፣ የሚያውቅ ልጅ በየቤቱ ስለማይጠፋ አንብቡለት።

ሥራው አራት መስመር ትእዛዝ ነው። በመጀመሪያው «ኦፕን» ብለሽ ፋይሉን ትከፍቻለሽ፤ የፋይሉን ስም፣ ለንባብ ብቻ መሆኑን፣ ፊደሉም በ«ዩቲኤፍ-8» ስልት የተቀመጠ መሆኑን ትነግሪዋለሽ። ይህ የመጨረሻው ካልተነገረው፣ በተለይ ዊንዶውስ ላይ፣ በሌላ ስልት ሊያነብበው ይሞክርና አማርኛውን ዝብርቅርቁን ሊያወጣው ይችላል፣ ወይም ስሕተት ብሎ ይቆማል።

በሁለተኛው «ፎር» በሚለው ትእዛዝ መስመሮቹ አንድ በአንድ እንዲያልፉ ታደርጊያለሽ። እዚሁ ላይ «ኢኑመሬት» የሚባለው ቃል ይገባል። ኢኑመሬት በር ላይ ቆሞ ለሚገባው ሁሉ ቁጥር እንደሚያድል ሰው ነው፤ ለእያንዳንዱ መስመር ተራ ቁጥሩን እየሰጠ ያሳልፋል። አንድ አመል ግን አለው፦ ካልነገርሽው የሚጀምረው ከዜሮ ነው። የመጀመሪያው መስመር ዜሮ ከተባለ ሽማግሌዎቹ በኖትፓድ ከፍተው ሲያዩ ቁጥሩ በአንድ ይዛባል። ያን ጊዜ «ይኸው፣ ውሸት ነው» ለሚል ሰው በር ተከፈተ። ስለዚህ «ስታርት» ብለሽ ከ1 እንዲጀምር እዘዢው።

በሦስተኛው «ኢፍ» እና «ኢን» የሚሉትን ይዘሽ «ይህ ስም በዚህ መስመር ውስጥ አለ ወይ?» ብለሽ ትጠይቂያለሽ። በአራተኛው «ፕሪንት» ብለሽ ቁጥሩንና መስመሩን ታሳያለሽ። አለቀ። ረዥም መስመር ስክሪኑ ላይ ተጣጥፎ ሁለት መስመር መስሎ ቢታይ አያስደንግጥሽ፤ ፓይተን የሚቆጥረው መስመር የሚያልቅበትን ምልክት፣ ማለትም «ኢንተር» የተመታበትን ቦታ ነው።

ክፍተቱ ራሱ ተናገረ

ልጅቷ ይህን ስታደርግ 139ኙም መስመሮች ከነቁጥራቸው ተዘረዘሩ። እኔ በስልክ ያልኳት ይህን ነው፦ «ቁጥሮቹን ተያቸው፣ በየስንት ይራራቃሉ?»

አስቡት እንግዲህ። አባላቱ 210 ያህል ናቸው፣ መዝገቡም በአባልነት ተራ ነው የሚጻፈው። ስለዚህ የአንድ ሰው ስም ከአንድ ወር ወደሚቀጥለው ሲሄድ በ210 መስመር ገደማ መራቅ አለበት። በየወሩ ጥቂት ያላዋጣ ሰው ስለሚኖር 208ም 209ም ሊሆን ይችላል። የሟቹ ስም ከ14,095 ወደ 14,303 ሄደ፤ በመሐሉ 208 መስመር አለ፣ ደህና። ከዚያ ግን ወደ 15,557 ዘለለ። ልዩነቱ 1,254 ነው! ይህ የስድስት ወር መንገድ ነው። በመሐሉ አምስት ወር ተውጧል ማለት ነው። 14,303ኛው የግንቦት 2011 ዓ.ም. ክፍያ፣ 15,557ኛው ደግሞ የኅዳር 2012 ዓ.ም. ነው።

አያችሁ? «አምስት ወር ጎድሏል» የሚለው ክስ በ12 ዓመት ውስጥ የት እንደሆነ አይታወቅም ነበር። አሁን ከሰኔ 2011 እስከ ጥቅምት 2012 ዓ.ም. ድረስ ባለው ቦታ ላይ ተከተተ። ከ30 ሺህ መስመር ወደ 1,253 መስመር ወረደ ማለት ነው። ይህን በዓይንም ማንበብ ይቻላል።

ልጅቷ አነበበችው። ሳትጨርስ ጮኸች። በዚያን ጊዜ አባቷ ታመው አልጋ ላይ ነበሩ፤ አምስቱን ወር መዝገቡን የያዙት ሌላ ሰው ናቸው። እኚህ ሰው ስሙን የጻፉት በሌላ «ሀ» ነበር።

ሞክሼዎቹ

የሟቹ ስም የሚጀምረው ከሀ ወገን በሆነ ፊደል ነው። አባቷ ሁልጊዜ በ«ኃ» ይጽፉት ነበር፣ ተተኪው ጸሐፊ በ«ሀ» ጻፉት። ድርብ ስም ስለሆነም አንዱ አጋጥሞ ጻፈ፣ ሌላው ለያይቶ። ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለጆሯችንም ለልባችንም ልዩነት የላቸውም። ፊደሎቹ በግዕዝ ለየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ በአማርኛ ድምፃቸው ተዋሕዶ ሞክሼ ሆኑ። ኮምፒውተር ግን ሞክሼ አያውቅም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር ተሰጠው፦ «ሀ» 4608፣ «ሐ» 4624፣ «ኀ» 4736። ለኮምፒውተሩ እነዚህ ሦስቱ «በ» እና «ገ» እንደሚለያዩት ሁሉ የተለያዩ ናቸው።

ምን ያህል እንደሚያደናግር በአንድ ስም ላሳያችሁ። «ፀሐይ» የሚለውን ውሰዱ። ፀሎቷ ሁለት ናቸው፣ «ፀ» እና «ጸ»። መሐሉ ላይ ያለው ድምፅ ደግሞ በ«ሀ»፣ በ«ሃ»፣ በ«ሐ»፣ በ«ሓ»፣ በ«ኀ»፣ በ«ኃ» ሊጻፍ ይችላል። ሁለት ጊዜ ስድስት 12 ነው። አንዲት ፀሐይ በ12 ዓይነት አጻጻፍ! «ኃይለሥላሴ»ን ብትወስዱ ስድስቱ ሀዎች፣ ሁለቱ ሰዎች በ«ሥ»ም በ«ሴ»ም ቦታ፣ ከዚያ መጋጠሙና መለየቱ ተባዝተው 48 ይሆናሉ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከመፈለግሽ በፊት ሞክሼዎቹን ሁሉ ወደ አንድ መልክ ታመጫቸዋለሽ። «ሜክትራንስ» በሚባለው ትእዛዝ የመተኪያ ዝርዝር ታዘጋጃለሽ፦ የሐ እና የኀ ዘር ሁሉ ወደ ሀ፣ የሠ ዘር ወደ ሰ፣ የዐ ዘር ወደ አ፣ የፀ ዘር ወደ ጸ፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባቱም ድምፆች ማለት ነው። «ሃ» ወደ «ሀ»፣ «ኣ» ወደ «አ» መምጣታቸውንም አትርሺ። ከዚያ «ትራንስሌት» የሚለው ትእዛዝ ይተካልሻል። «ሪፕሌስ» የሚባለው ደግሞ ክፍት ቦታውን ያጠፋልሻል። ይህን የምታደርጊው በምትፈልጊውም ስም፣ በሚነበበውም መስመር ላይ ነው፤ አንዱን ብቻ ካስተካከልሽ ጭራሽ አይገናኙም።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ነገር አለ፦ ማስተካከሉ ለማነጻጸር ብቻ ነው። ፕሪንት ስታደርጊ የሚወጣው የመጀመሪያው መስመር፣ ጸሐፊው እንደጻፉት ሆኖ ነው። ማስረጃ አይታረምም።

ልጅቷ እንዲህ አድርጋ ስትፈልግ 139 የነበረው 143 ሆነ። አዲሶቹ አራቱ በ14,512፣ በ14,721፣ በ15,138 እና በ15,348ኛው መስመር ላይ ተገኙ። የሰኔ፣ የሐምሌ፣ የመስከረምና የጥቅምት ክፍያዎች ናቸው።

አምስተኛውስ? ልብ ካላችሁ ከ14,721 ወደ 15,138 ያለው ርቀት 417 ነው፤ የሁለት ወር መንገድ። የነሐሴ 2011 ዓ.ም. ክፍያ በየትኛውም ፊደል ቢፈለግ የለም።

«ነሐሴን ዝም ብዬ ልጨምረው?»

ይህን ጊዜ ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ። «አንድ መስመር ናት። ማንም አያውቅም። እኚህ እናት ከሚሳቀቁ ነሐሴን ዝም ብዬ ልጨምረው?»

ሐሳቧ የደግነት ነው፤ አልተቆጣኋትም። ግን አይሆንም አልኳት። እህቴ፣ ያቺ አንዲት መስመር 143ቱን ሁሉ ትገድላቸዋለች። ነሐሴ የካርኒ ቁጥር የለውም። አንዱ ኮሚቴ «እስቲ የዚህን ቀሪ አምጡ» ያለ ዕለት፣ እውነተኞቹም ክፍያዎች አብረው ይጠረጠራሉ፤ የአባትሽም የ12 ዓመት ልፋት አብሮ ይጠረጠራል። ደግሞስ ምን አስጨነቀሽ? ደንባችሁ የሚሰርዘው በተከታታይ 3 ወር ያላዋጣውን ነው። አንድ ወር ያስቀጣል እንጂ አያሰርዝም። እውነቱ ራሱ ለእኚህ እናት በቂ ሆኖ ሳለ ውሸት ምን ይሠራላቸዋል?

ሌላውም ሞክሼ አለ

ሞክሼ ፊደል ብቻ አይደለም፣ ሞክሼ ሰውም አለ። መረቡን ስታሰፊው የማይፈለገውም ዓሣ ይገባል። «አበበ» ብለሽ ብትፈልጊ «አበበች»ም ትመጣለች፤ በስሟ ውስጥ ስላለ። ክፍት ቦታውን ካጠፋሽ ደግሞ የባሰ አለ፦ «አበበች»ን ስትፈልጊ «አበበ ችሎት» የተባለ ሰው ተጋጥሞ «አበበችሎት» ይሆንና እሱም ብቅ ይላል። ስለዚህ ሁልጊዜ ስምን ከነአባት ስም ፈልጊ። የወጣውንም እያንዳንዱን መስመር በዓይንሽ እይ። ከተቻለም ለወደፊቱ የአባልነት ቁጥር ከስሙ ጎን ይጻፍ። ቁጥር ሞክሼ የለውም።

ወንድምዬው የጠየቀው

ይህን ስንጫወት ወንድሟ ስልኩን ተቀብሎ «ለምንድነው ቀጥታ 14,303ኛው መስመር ላይ ዘልዬ መግባት የማልችለው?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እሱንም ላካፍላችሁ።

አየህ ወንድሜ፣ የጽሑፍ ፋይል መስመሮቹ የት የት እንደሚጀምሩ የሚያሳይ ማውጫ የለውም። አንዱ መስመር አጭር፣ ሌላው ረዥም ነው። ሰባተኛውን ቤት ለማግኘት ከመጀመሪያው ቤት ተነሥተህ እንደምትቆጥረው፣ ፓይተንም ከራሱ ጀምሮ መቁጠር አለበት። ለ30 ሺህ መስመር ይህ የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው፣ አትጨነቅ። ሚሊዮኖች መስመር ካሉህና ደጋግመህ የምትመላለስ ከሆነ ግን ማውጫውን ራስህ አንድ ጊዜ ሠርተህ ታስቀምጣለህ።

ፋይል የሚለካው በባይት ነው። ፋይሉን በፊደል ሳይሆን በጥሬ ባይት መልክ ትከፍተዋለህ። ከዚያ በ«ሪድላይን» አንድ አንድ መስመር እያነበብክ፣ እያንዳንዱን ከማንበብህ በፊት «ቴል» ብለህ «አሁን የት ነው ያለነው?» ትለዋለህ። መልሱን በዝርዝር ትይዛለህ። ሌላ ቀን 14,303ኛውን ስትፈልግ ከዝርዝሩ ላይ አድራሻውን ታይና «ሲክ» ብለህ በአንድ ጊዜ ትደርሳለህ። በተራው የጽሑፍ አከፋፈት ከፍተህ በፎር እያሳለፍክ ቴል ብትለው ግን እሺ አይልህም፣ ስሕተት ብሎ ይቆማል። በሪድላይን መሄድህ ለዚህ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የባይት ቁጥርና የፊደል ቁጥር ለየቅል ናቸው። የእንግሊዝኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 አንድ ባይት ሲይዝ የእኛ ፊደል ሦስት ይይዛል። አምስት ፊደል ያለው የአማርኛ ስም 15 ባይት ነው። ፊደል ቆጥረህ ያገኘኸውን ቁጥር ለሲክ ብትሰጠው ሌላ ቦታ ይወስድሃል። አንዳንዴም የአንድ ፊደል ወገብ ላይ ይጥልህና ማንበብ ያቅተዋል። ፋይሉ ከተለወጠም ማውጫህ አረጀ ማለት ነው፤ እንደገና ሥራው።

ይህን ሳታውቁ እንዳትነኩ

መዝገብ የሚነካ ሁሉ አስቀድሞ ግልባጭ ያስቀምጥ። ኦፕን ላይ ለንባብ የሚጻፈው የእንግሊዝኛው «አር» ነው። በእሱ ፈንታ «ደብሊው» ከተጻፈ ፓይተን «አዲስ ልጽፍ ነው» ብሎ ፋይሉን በዚያችው ቅጽበት ባዶ ያደርገዋል። 12 ዓመት በአንድ ፊደል! ስለዚህ በግልባጩ ላይ ሥሩ፣ ዋናው በፍላሽ ሆኖ ሌላ ሰው ዘንድ ይቀመጥ።

ሌላው የቆዩ ፋይሎች ጉዳይ ነው። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የተጻፈ ፋይል ካላችሁ፣ ስክሪኑ ላይ አማርኛ መስሎ ቢታይም በውስጡ የተቀመጠው የላቲን ፊደልና ምልክት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ውስጥ በዛሬው ፊደል ስም ብትፈልጉ አንድም አይመጣም። «የለም» የሚለው ፍርድ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ማስቀየር ግድ ነው።

ሽማግሌዎቹ ፊት

ለልጅቷ የመከርኳት እንዲህ ነው። ላፕቶፕ ይዘሽ ገብተሽ «ፓይተን እንዲህ አለ» እንዳትዪ። በመጀመሪያ ቀን «ኮምፒውተር አይዋሽም» ያሉት ሰዎች፣ ኮምፒውተሩ ሐሳቡን ሲለውጥ «ልጆቹ ነካክተውት ነው» ይላሉ። አራቱን መስመሮች ከላያቸውና ከታቻቸው ካለው አንድ አንድ መስመር ጋር በወረቀት አውጪ። ከጎናቸው የመስመሩን ቁጥር ጻፊ። መስመሩ ላይ የካርኒ ቁጥር አለ፤ ገንዘብ ያዡ የእነዚያን አራት ካርኒዎች ቀሪ እንዲያወጡ በትሕትና ጠይቂ። ምስክሩ ቀሪው ነው፤ የመስመር ቁጥሩ ወደ ምስክሩ የሚያደርስ መንገድ ነው። ነሐሴንም አትደብቂ፣ ራስሽ ቀድመሽ ተናገሪ። ተተኪውን ጸሐፊ በሰው ፊት እንዳታሳፍሪያቸው፤ በ«ሀ» መጻፍ ጥፋት አይደለም፣ በችግር ቀን ደርሰው አምስት ወር ያገለገሉ ሰው ናቸው።

እንደተባለችው አደረገች። ቀሪዎቹ ተገለበጡ፣ አራቱም ተገኙ። ኮሚቴው የነሐሴን መዋጮ ከነቅጣቱ ቀንሶ ገንዘቡ ለቤተሰቡ እንዲከፈል ወሰነ። ዳኛው ሁለት ሽማግሌ ይዘው ሐዘን ቤት ሄዱ፣ «እናታችን፣ ይቅር በሉን» አሉ። ገንዘቡ ከሚሰጠው እፎይታ በላይ እኚህ እናት ያረፉት የባላቸው ስም በመጽዳቱ ነው።

ውድ አንባብያን፣ እድር ብቻ አይደለም። የእቁብ ዝርዝር፣ የተማሪ ውጤት፣ የደመወዝ መክፈያ፣ የሕሙማን ካርድ ሁሉ ዛሬ ፋይል ውስጥ ገብቷል። አንድ ቀን የእናንተም ስም ተፈልጎ «የለም» ይባል ይሆናል። ያን ጊዜ ደንግጣችሁ አትውጡ፤ ተረጋግታችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ «በየትኛው ፊደል ፈለጋችሁት?» እና «ካሉት መሐል የመጨረሻው በስንተኛው መስመር ላይ ነው?» ፈላጊዎቹ እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ፣ «የለም» የሚለው ቃል ከአፋችሁ ከመውጣቱ በፊት ሞክሼዎቹን አንድ በአንድ አስፈልጉ። በሰው ላይ ለመፍረድ አይቸኮልም።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ወትሮው ጨዋታችን እንመለሳለን። «ባሌ የእናቱን እንጀራ እንጂ የእኔን አይበላም» ያልሽው እህት፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል፣ ተራሽን ጠብቂ። እስከዚያው ቸር ሰንብቱ።